ዘፈኑ ለምን ታሪኩን ያቋርጣል? ስለ ድሮዎቹ የብራዚል ሙዚቃዊ ኮሜዲዎች ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በቅርቡ ከአባቴ ጋር ሆነን አንድ የድሮ የብራዚል ፊልም አየን። ጥቁርና ነጭ ነው፣ በ1957 የተሠራ፣ ርዕሱ ‹ዴ ቬንቶ ኤም ፖፓ› ይባላል። ሀብታም አባት ልጁን የኒውክሌር ሳይንስ ተማር ብሎ አሜሪካ ይልከዋል። ልጁ ድራም መቺ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማታለል፣ ፍቅር፣ ሳቅ ነው። በጣም ወደድኩት። ዘፈኖቹ ግን ግራ አጋቡኝ። ታሪኩ ይቆማል፣ ዘፋኝ ይመጣል፣ ዘፍኖ ይሄዳል፣ ታሪኩ ካቆመበት ይቀጥላል። አባቴ ‹ይሄ ፊልም ሳይሆን የዘፈን ዝግጅት ነው› አለኝ። እውነቱን ነው? ወይስ እኛ ያልገባን ነገር አለ? ቀጥሎስ ምን እንይ?»

ምላሽ፦ አባትዎ ግማሹን ደርሰውበታል። እነዚህ ፊልሞች በእርግጥም የተወለዱት ከዘፈን ዝግጅት ነው። ነገሩ የሚጥመው ግን በቀረው ግማሽ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። የፊልም ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ እኔም ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ግርታው ከየት እንደመጣ እንይ። እኛ ዘፈን ያለበት ፊልም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የህንድ ፊልም ነው። እዚያ ዘፈኑ የፍቅረኞቹ ነው። ልጁ በቃል ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር በዘፈን ይናገራል። ዘፈኑን ቆርጠው ቢያወጡት ታሪኩ ይጎድላል። የሪዮ ዲ ጄኔሮ ፊልሞች እንዲህ አይደሉም። ዘፋኙ ብዙ ጊዜ የታሪኩ ሰው እንኳ አይደለም። በናይት ክለቡ መድረክ ላይ ወይም በሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ እንደ ራሱ ሆኖ ይመጣል። ይዘፍናል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሄዳል። ከእኛ ዘመን ሆነን ስናየው ሰውዬው ታሪኩን ያቋረጠ ይመስለናል። የዚያን ጊዜ ተመልካች ግን ቲኬት የቆረጠው እሱን ለማየት ነበር።

ለምን ቢሉ፣ መልሱ ሬዲዮ ነው።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ሪዮ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች። በ1936 ሬዲዮ ናሲዮናል የሚባል ጣቢያ ተከፈተ። በ1940 የፕሬዚዳንት ዤቱሊዮ ቫርጋስ መንግሥት ወረሰው፤ ብዙም ሳይቆይ በመላው ብራዚል የሚደመጥ ትልቅ ጣቢያ ሆነ። አዳራሽ ነበረው። ሕዝብ ተሰብስቦ እየጮኸ፣ እያጨበጨበ ዘፋኞቹ በቀጥታ ይዘፍናሉ። የዘፋኞቹ ዝና ዛሬ ከምናውቀው የታዋቂ ሰው ዝና አያንስም ነበር። «የሬዲዮ ንግሥት» የሚባል ውድድር ነበራቸው፤ ድምፅ የሚሰጠው በገንዘብ በሚገዛ ወረቀት ነው። በ1949 ማርሌኔ የተባለችው ዘፋኝ ያሸነፈችው አንድ ትልቅ የመጠጥ ኩባንያ ድምፅ በገፍ ስለገዛላት ነው። የተሸነፈችው የኤሚሊኛ ቦርባ ደጋፊዎችና የማርሌኔ ደጋፊዎች ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዓይንና ናጫ ሆኑ።

አሁን ራስዎን ከሪዮ ርቆ በሚኖር አንድ ሰው ቦታ ያስቀምጡ። ኤሚሊኛን በየቀኑ ይሰማታል። ዘፈኗን በቃሉ ያውቀዋል። ስትንቀሳቀስ ግን አይቷት አያውቅም። ቴሌቪዥን ወደ ብራዚል የገባው በ1950 ነው፤ እሱም በሳኦ ፓውሎ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የባለገንዘብ ቤት ዕቃ ነበር። ስለዚህ ያቺን ድምፅ ከነፊቷ፣ ከነፈገግታዋ፣ ከነቀሚሷ የሚያገኛት ሲኒማ ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ዘፋኟ ስትመጣ «ታሪኩን ልታቋርጥብኝ ነው» አይልም። ታሪኩን በትዕግሥት የሚከታተለው እሷ እስክትመጣ ነው።

በዚህ ላይ ካርናቫል አለ። የብራዚል ካርናቫል በየዓመቱ አዲስ ዘፈን ይፈልጋል። የዓመቱ ሳምባዎችና ማርሺኛ የሚባሉት ፈጣን የሰልፍ ዘፈኖች በዓሉ ከመድረሱ ከወራት በፊት በሸክላ ይወጣሉ። በሬዲዮ ይደጋገማሉ። ሕዝቡ ግጥሙን ቀድሞ ማጥናት አለበት፤ ያላጠናውን ዘፈን መንገድ ላይ አብሮ አይዘፍንም። ፊልሞቹ እዚህ ላይ ነው የሚገቡት። ብዙዎቹ ሲኒማ ቤት የሚደርሱት ካርናቫል ሊገባ ሲል ነው። ሰዉ አይቶ፣ ስቆ፣ ዘፈኑን ይዞ ይወጣል። ዘፈን ደራሲው ተጠቀመ፣ ሸክላ አሳታሚው ተጠቀመ፣ ፊልም ሠሪውም ተጠቀመ።

የዚህ መንገድ ጀማሪ የእርስዎን ፊልም የሠራው አትላንቲዳ የሚባለው ስቱዲዮ አይደለም። ሲኔዲያ የሚባለው ስቱዲዮ በ1930 ተቋቁሞ ነበር። በ1936 ያወጣው «አሎ አሎ ካርናቫል» ውስጥ ካርመን ሚራንዳና እህቷ አውሮራ የሚያብረቀርቅ የወንድ ሱፍና ረጅም ባርኔጣ አድርገው «እኛ የሬዲዮ ዘፋኞች ነን» እያሉ ይዘፍናሉ። ታሪኩ ከክር የቀጠነ ነው። ሁለት ሰዎች ለመድረክ ትርኢት ገንዘብ የሚያወጣላቸው ይፈልጋሉ፣ በቃ። ካርመን በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደች። በአገሯ ፊልም ላይ እንዴት እንደነበረች ለማየት ከቀሩልን ጥቂት ነገሮች አንዱ ያ ዘፈን ስለሆነ በጣም እወደዋለሁ።

አትላንቲዳ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1941 ሪዮ ውስጥ ሲመሠረት ሐሳቡ ሌላ ነበር። መሥራቾቹ ስለ ብራዚል ኑሮ ቁም ነገር ያለው ፊልም ሊሠሩ ነው የተነሱት። የመጀመሪያው ልብ ወለድ ፊልማቸው በ1943 የወጣ ሲሆን መነሻው የጥቁሩ ተዋናይ የግራንዴ ኦቴሎ የራሱ ሕይወት ነበር። ያ ፊልም ዛሬ የለም፣ ጠፍቷል። ቁም ነገሩ ብቻውን ደሞዝ አልከፍል ሲላቸው ወደ ካርናቫል ፊልም ዞሩ። በ1944 ግራንዴ ኦቴሎና ሌላው አስቂኝ ተዋናይ ኦስካሪቶ በአትላንቲዳ አንድ ላይ መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ነው።

የገንዘቡ ነገር ካልተነገረ ግን ይህ ሁሉ ጎዶሎ ነው። የሆሊውድ ፊልም የብራዚልን ሲኒማ ቤቶች ሞልቶት ነበር። መንግሥት በ1946 አንድ ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ ሲኒማ ቤት በዓመት ቢያንስ ሦስት የአገር ውስጥ ፊልም ማሳየት አለበት አለ። በ1947 ደግሞ ሉዊስ ሴቬሪያኖ ሪቤይሮ የአትላንቲዳን አብላጫ ድርሻ ገዛ። ይህ ሰው የብዙ ሲኒማ ቤቶች ባለቤት ነው፣ ፊልም ያከፋፍላልም። አሁን ሂሳቡን ይመልከቱ። ሕጉ ብራዚላዊ ፊልም አሳይ ይላል። ሲኒማ ቤቱ የእሱ ነው። ማከፋፈያው የእሱ ነው። ስቱዲዮውም የእሱ ሆነ። በትንሽ ገንዘብ ቶሎ ቶሎ ይሠራል፣ በራሱ አዳራሽ ያሳያል፣ ትርፉም ከቤት አይወጣም። በዚያው ዘመን ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ቬራ ክሩዝ የሚባል ስቱዲዮ በ1949 ተከፈተ። ከአውሮፓ ባለሙያ አስመጣ፣ ግዙፍ ስቱዲዮ ሠራ፣ በካን ፌስቲቫል የተሸለመ ፊልም ሳይቀር አወጣ። በ1954 ግን ከሰረ። የራሱ ሲኒማ ቤት አልነበረውማ!

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በ1950 ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ብራዚላዊ ግማሽ ያህሉ ማንበብ አይችልም ነበር። የውጭ ፊልም የሚታየው ደግሞ ከሥር በሚጻፍ ትርጉም ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የሆሊውድ ፊልም የሚያምር ሥዕል ነው፣ ቀልዱ ግን አይደርሰውም። የአትላንቲዳ ፊልም በራሱ ቋንቋ፣ በሰፈሩ አነጋገር፣ በሚያውቀው ዘፈን ያወራዋል። ተቺዎች «ርካሽ ነው» ሲሉ ይህንን ተመልካች ከቁጥር አያስገቡትም ነበር። እኔ በዚህ ጉዳይ ከተመልካቹ ጎን ነኝ።

ወደ ጥያቄዎ ልብ ልመለስ። ዘፈንና ታሪክ ተጣልተው እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ትዕይንት አለ፤ ከየትኛውም ማብራሪያ የተሻለ መልስ የሚሰጠውም እሱ ነው። ፊልሙ በ1952 የወጣው፣ ዦዜ ካርሎስ ቡርሌ ያዘጋጀው «ካርናቫል አትላንቲዳ» ነው። አንድ ፕሮዲዩሰር አለ፤ ስሙ ሴሲሊዮ ቤ ዴ ሚሊዮ። ሴሲል ቢ ዴሚል በተባለው የሆሊውድ ባለ ታላላቅ ፊልም ዳይሬክተር ላይ መቀለዳቸው ነው። ሰውዬው የትሮይዋን ሄለን ታሪክ በትልቁ መሥራት አለብኝ ብሎ ይነሳል። ስለ ግሪክ እንዲያማክረው ዜኖፎንቴስ የሚባል ፕሮፌሰር ይቀጥራል፤ ፕሮፌሰሩ ኦስካሪቶ ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የጽዳትና የጉልበት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችም አሉ፤ አንዱ ግራንዴ ኦቴሎ ነው። እነሱ የሚሉት ሌላ ነው፤ ሕዝቡ የሚፈልገው ካርናቫል ነው ይላሉ።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ያሰበውን ሲያስረዳ በዓይነ ኅሊናው ያለውን እናያለን። የግሪክ ዓምዶች፣ ረጃጅም ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች፣ ቀስ ያለ፣ የደረቀ እንቅስቃሴ። አንድም ሰው ሕይወት የለውም። ወዲያው ደግሞ ያንኑ ቦታ በኦቴሎ ዓይን እናየዋለን። ዓምዶቹ እዚያው ናቸው፣ ልብሱም ያው ነው። ግን ብሌካውቴ የተባለው ጥቁር ዘፋኝ የግሪክ ልብሱን እንደለበሰ የዓመቱን የካርናቫል ዘፈን ይዘፍናል። ኦቴሎ በረጅሙ ቀሚስ እየተደናቀፈ አብሮት ይጨፍራል። ያ የሞተ ሥዕል ድንገት ነፍስ ይዘራል። ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ ግን ፊልም ሠሪዎቹ ስለ ራሳቸው ሥራ የሚያምኑትን ሁሉ ይዘዋል። ይህ ትሮይ የእኛ አይደለም፣ ገንዘቡም የለንም፤ ያለን ዘፈን ነው፣ እሱን ስጡን እያሉ ነው። በመጨረሻ ፕሮዲዩሰሩ ሄለንን ይተዋትና የካርናቫል ፊልም ይሠራል።

እንግዲህ ዘፈኑ ታሪኩን የሚያቋርጠው ዳይሬክተሩ መስፋት ስላልቻለ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዘፈኑን ዋልታ አድርገው ታሪኩን እንደ ሣር ክዳን በላዩ አለበሱት። ዋልታውን ትቶ ክዳኑን ብቻ የሚያይ ሰው «ይሄ ቤት ስስ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ክዳኑ ግን የራሱ ወግ አለው። ቤተሰብ፣ ወጣትና ፍቅር የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። መልኩን ያስያዘው በ1949 የወጣው የዋትሰን ማሴዶ «ካርናቫል ኖ ፎጎ» ነው ማለት ይቻላል። ቦታው ኮፓካባና ፓላስ ሆቴል ነው። መልከ መልካም ወጣት አለ፤ አንሰልሞ ዱዋርቴ። ጨዋ ቆንጆ ልጅ አለች፤ ኤሊያና፣ የዳይሬክተሩ የእህት ወይም የወንድም ልጅ የሆነችው ተዋናይ። ክፉ ሰው አለ፤ ዦዜ ሌውጎይ። አንድ የሲጋራ መያዣ እጅ ይቀያየርና ወጣቱ የወንበዴዎች አለቃ ነው ተብሎ ይሳሳታሉ። ከዚያ ሩጫ፣ ድብብቆሽ፣ ጠብ፣ መታረቅ። ሁለቱ አስቂኞች፣ ኦስካሪቶና ኦቴሎ፣ እየረዱም እያበላሹም ነገሩን ወደ መጨረሻው ዘፈን ያደርሱታል። ይህ አካሄድ ከዚያ በኋላ በብዙ ፊልም ተደግሟል፤ ሕዝቡም አልሰለቸውም። ምን እንደሚመጣ ማወቁ ራሱ ደስታ ነበር። በነገራችን ላይ ያ መልከ መልካም ወጣት፣ አንሰልሞ ዱዋርቴ፣ በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ በ1962 በካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ፓልም ዶርን ወሰደ። ከዚህ ከ«ርካሽ» ቤት ነው የወጣው።

እርስዎ ያዩት የዳይሬክተር ካርሎስ ማንጋ ፊልም ከዚህ ስምንት ዓመት በኋላ የመጣ ነው፤ ዘመኑም ተቀይሯል። ለዚህ ነው የእርስዎ ፊልም ከሌሎቹ ይልቅ ለወጣት የሚቀርበው። ልብ ብለው ከሆነ አባትየው ልጁን የላከው ለሕክምና ወይም ለሕግ አይደለም። ለኒውክሌር ነው። ይህ ዝም ብሎ የተመረጠ ሙያ አይመስለኝም። ፕሬዚዳንቱ ጁሴሊኖ ኩቢቼክ የሃምሳ ዓመት እድገት በአምስት ዓመት እናመጣለን እያሉ ነበር። ብራዚሊያ የምትባል አዲስ ዋና ከተማ በባዶ ሜዳ ላይ እየተሠራች ነው። የአገሪቱ የኒውክሌር ኃይል ኮሚሽን የተቋቋመው በ1956 ነው። ፊልሙ በወጣበት በ1957 ደግሞ የብራዚል የመጀመሪያው የምርምር ሪአክተር ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የዚያን ዓመት ሀብታም አባት ጎረቤት ላይ ሊኮራ ቢፈልግ «ልጄ የአቶም ምሁር ነው» ከማለት የበለጠ ነገር አያገኝም።

ልጁ ግን ድራም ይዞ መጣ። የአባት ሕልምና የልጅ ልብ ሲለያዩ ማየት ለማንም አገር ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ፊልሙ ደግነቱ እዚህ ላይ ነው። አባትየውን ጨካኝ አያደርገውም። ልጁንም ባለጌ አያደርገውም። ሁለቱም ይዋደዳሉ፣ ሁለቱም ይዋሻሉ፣ ሁለቱም ያሳፍራሉ። ሉሲያ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ዶሪስ ሞንቴይሮ ደግሞ እውነተኛ ዘፋኝ ነች። አዘፋፈኗን ያስተውሉ። አትጮህም፤ ጆሮዎ ሥር ሆና የምታወራ ነው የምትመስለው። በዓመቱ ቦሳ ኖቫ ሲመጣ ብራዚል ያበደችበት ያ ለስላሳ አዘፋፈን እሷ ጉሮሮ ውስጥ ቀድሞ ነበር። እንዲህ ያለች ዘፋኝ ዋና ተዋናይ ስትሆን ዘፈኑና ታሪኩ እየተቀራረቡ ነው ማለት ነው። ከ1949ኙ ፊልም ጋር ቢያስተያዩት ልዩነቱ ይታይዎታል።

ኦስካሪቶስ? ከስፔን የመጣ የሰርከስ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በ1906 ማላጋ ተወልዶ ሕፃን ሳለ ነው ብራዚል የገባው። በዚህ ፊልም ሃምሳ ዓመት ሞልቶታል። ጊታር አንግቶ፣ ፀጉሩን ግንባሩ ላይ ጥሎ፣ ዳሌውን እያንቀጠቀጠ «ሜልቪስ ፕሬስቴስ» ነኝ ብሎ ይወጣል። ኤልቪስ ፕሬስሊ መሆኑ ነው። ያንን ትዕይንት ደግመው ይዩት፤ አሁን ደግሞ እግሩን ብቻ ይከታተሉ። ኤልቪስን አስቂኝ ያደረገው በመሳሳት አይደለም። ምቱን አንድም ጊዜ አይስትም። የሰርከስ ሰው ሰውነት ነው ያለው፤ የሚወድቅ ሲመስል አይወድቅም፣ የተሰበረ ሲመስል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሰው ሙዚቃ ለመሳቅ መጀመሪያ ያንን ሙዚቃ ጠንቅቆ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎቼ የማሳየው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የማይጥመውን እናገራለሁ፤ እነዚህን ፊልሞች የምወድ ሰው ይህን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በእርስዎ ፊልም ውስጥ ግራንዴ ኦቴሎ የለም። በ1954 ከወጣው የካውቦይ ፊልም ቀልድ በኋላ የሁለቱ ጥምረት በአትላንቲዳ አበቃ። ኦቴሎ ከኦስካሪቶ ጋር እኩል እያሳቀ እኩል አይከፈለውም ነበር። ስሙም ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው። የፍቅር ታሪኩም ለእሱ አይሰጥም፤ ጥቁር ሆኖ የወጣቷን እጅ ይዞ የሚጨርስበት ፊልም አልጻፉለትም። ማንጋ በ1953 በሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ይህንኑ ነካ አድርጎታል። ሁለት የመድረክ አስቂኞች አሉ፣ ጥቁሩ የሌላው መሰላል መሆን አንገፍግፎት ይጣላሉ። ተዋናዮቹ ራሳቸው ኦቴሎና ኦስካሪቶ ናቸው። እንደ ኮሜዲ ጀምረው ሲያዩት ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የ«ካርናቫል ኖ ፎጎ»ን የሰገነት ትዕይንት ደግሞ ሁሉም ያስታውሰዋል። ኦስካሪቶ ሮሚዮ ነው፤ ኦቴሎ የብጫ ሹሩባ ዊግ አድርጎ ከላይ ጁልዬት ነው። አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ፊልሙ በሚቀረጽበት ሰሞን ግን ኦቴሎ ሚስቱንና በቤቱ ያደገውን ትንሽ ልጅ በአሰቃቂ ሁኔታ አጥቶ ነበር። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ትዕይንት ያለ እሱ ሐዘን ማየት አልቻልኩም። ሳቁ ግን አልቀነሰም። እሱ ያንን ሥራ እንዲያ አድርጎ ሠርቶታልና መሳቅ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ተቺዎቹን በአጭሩ። ለእነዚህ ፊልሞች «ሻንሻዳ» የሚል ስም ያወጡት ንቀው ነው፤ ስሙ ግን ጸደቀ፣ ዛሬ በኩራት ይጠሩታል። በ1960ዎቹ የመጡት የሲኒማ ኖቮ (አዲሱ ሲኒማ) እንቅስቃሴ ወጣት ዳይሬክተሮች ድህነትና ረሃብን በካሜራ ሊያሳዩ ተነስተው ስለነበር ሻንሻዳን አልወደዱትም፤ በጊዜያቸው ሆነው ሲታዩ ይገባኛል። ሻንሻዳን የገደለው ግን ትችት ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። የዘፋኙ ፊት በየማታው ሳሎን ድረስ ከመጣ ለምን ቲኬት ይቆረጣል? አትላንቲዳ በ1962 ፊልም መሥራት አቆመ። አስቂኞቹም፣ ማንጋም ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ። ስለዚህ ነገሩ ቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በ1965 የተጀመረው የዘፋኙ የሮቤርቶ ካርሎስ የወጣቶች የሙዚቃ ፕሮግራም፣ ከዚያ በ1968 እሱ ራሱን ሆኖ የተወነበት ፊልም፣ በኋላም የግሎቦ ጣቢያ የምሽት አንድ ሰዓት ቀልደኛ ተከታታይ ድራማዎች ሁሉ የዚህ ቤት ልጆች ናቸው። በ2012 የታየው «ሼያስ ዲ ሻርሚ» ሦስት የቤት ሠራተኞች ዘፋኝ ሲሆኑ ያሳያል። የዘፈን ክሊፓቸው በታሪኩ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ሲለቀቅ በእውነትም ተለቆ ሕዝቡ ተቀባበለው። ያ ማለት በ1950ዎቹ ሸክላና ሲኒማ ተረዳድተው ይሠሩት የነበረው ሥራ ነው።

ቀጥሎ ምን እንይ ላሉት፣ እኔ ብሆን በጊዜ ቅደም ተከተል አልሄድም። መጀመሪያ «ካርናቫል አትላንቲዳ»ን ይዩ፤ ያንን የትሮይ ትዕይንት ካዩ በኋላ የሌሎቹ ዘፈኖች አያስቸግሩዎትም። ከዚያ የ1949ኙን ይሞክሩ፤ ምስሉ ያረጀ ነው፣ ድምፁም ይቆራረጣል፣ ግን ኦስካሪቶንና ኦቴሎን አንድ ላይ የሚያዩበት ነው። የትርጉም ጽሑፍ የሌለው ቅጂ ቢያጋጥምዎት አይተዉት። ግማሹ ቀልድ በአካል ነው፣ ሌላው ደግሞ የሆሊውድ ፊልም ላየ ሰው ይገባል።

ሦስተኛ ከ1959 ያለውን የማንጋን «ኦ ኦሜም ዶ ስፑትኒክ»ን እመክራለሁ። እዚህ ዘፈኑ በጣም ቀንሷል፤ ታሪክ የሚበልጥበት ፊልም ለሚወድ ይስማማል። የሩሲያ ሳተላይት አንድ የገጠር ሰው ግቢ ላይ ወደቀ ይባላል። ሰውዬው ኦስካሪቶ ነው፣ ሚስቱ ዜዜ ማሴዶ። አሜሪካ፣ ሩሲያና ፈረንሳይ ሰላዮቻቸውን ወደዚያች ቤት ይልካሉ። ፈረንሳዮቹ የላኳት ኖርማ ቤንጌል የፈረንሳይዋን የፊልም ኮከብ ብሪጂት ባርዶን አስመስላ ትገባለች፤ ኦስካሪቶ ፊቷ ቆሞ ምላሱ ሲተሳሰር ሚስቱ በምን ዓይን እንደምታየው ልብ ይበሉ። የዜዜ ማሴዶን ፊት ብቻ እየተከታተሉ ፊልሙን መጨረስ ይቻላል።